ጀልባዋም ታፔላ ያስፈልጋታል

የአክስቴ ልጅ ለጫጉላ ዛንዚባር ሄዳ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ የውሃ መነጽርና አንድ የላስቲክ ቱቦ ይዛ መጣች። ብዙም ሳትቆይ እኔን ልትጠይቅ ባሕር ዳር ብቅ አለች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "ጣና ላይ ስኖርክሊንግ እንሥራ" አለችኝ። ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ነው።

ለማያውቀው፣ ስኖርክሊንግ ማለት ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ በቱቦ እየተነፈሱ፣ ከሥር ያለውን ዓሣና ኮራል እያዩ መንሳፈፍ ነው። እሷ ምነምባ የምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ሞክራው መጥታለች። ፎቶውን አሳየችኝ። ውሃው መስታወት ነው። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሦች እግሯ ሥር ይርመሰመሳሉ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

በማግስቱ ጀልባ ላይ ስንወጣ መነጽሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ጀልባ ነጂው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አዩዋት። ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ውሃ ጨለፉና አፍንጫዋ ሥር አመጡላት። ማኪያቶ ነው የሚመስለው።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የገዛ እጅሽንም አታዪው" አሏት።

ልክ ናቸው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የገበሬውን አፈር ጠርገው ያስገቡበታል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ደለሉ ይታመሳል። ዳር ዳሩን ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ጉማሬ ያለበት ውሃ ውስጥ ፊቱን ደፍቶ የሚንሳፈፍ ሰው ብልህ አይባልም።

የሚያሳዝነው ዓሣው መኖሩ ነው። ቆሮሶውንና አምባዛውን ተዉት። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ጢስ ዓባይ ላይ ያለው 40 ሜትር ገደማ ገደል ከታች ወንዙ ዓሦች ለይቷቸው ለብቻቸው ተባዙ፣ ለብቻቸው ተለያዩ። ምነምባ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሰው በዶላር እየከፈለ ያያቸው ነበር። እኛ ጋ የሚታዩት ድስት ውስጥ ነው።

መነጽሩ ወደ ቦርሳ ተመለሰ። የቅናቴ ነገር ግን አልተመለሰም። ምክንያቱም እዚያው ጀልባ ላይ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ የአክስቴ ልጅ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ዛንዚባር ላይ ዋጋው በሰው ነው። መነሻ ሰዓቱ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይወሰናል፣ ግን ከዋዜማው ይነገራል። አንድ ልጅ ስማቸውን ወረቀት ላይ ይዞ ዳር ላይ ቆጠራቸው። ጀልባዋ ላይ ቆጠራቸው። ከውሃ ሲወጡ ቆጠራቸው። ከመመለሳቸው በፊት እንደገና ቆጠራቸው። "ሰለቸን" አለችኝ እየሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህ ቆጠራ ለምን እንደሚያስፈልግ አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ፣ አንድ የጠላቂዎች ጀልባ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ባሕር ውስጥ ትታ ተመለሰች። ቆጠራው ተሳስቶ ነበር። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ጀልባዋ ላይ የቀረ ቦርሳቸው ስለተገኘ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር የቆጠራው ሕግ ጠበቀ።

ይህን የምጽፈው ጣና እንደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሁን ብዬ አይደለም። ከእነዚያ ጉዞዎች ልንዋስ የሚገባን መነጽሩን ሳይሆን ወረቀት የያዘውን ልጅ ነው።

የእኛን ቀን እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ።

ለአንድ ሰው ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ "ጀልባው ነው የሚከራየው" የሚል ነው። ፈረንጅ በቡድን ሲመጣ ይህ ያስኬዳል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከወልድያ በራሱ ገንዘብ የመጣ መምህር ግን ሙሉ ጀልባ ተከራይቶ ምን ይሆናል? ስለዚህ ደላላ ይገባል። ደላላው ሁለት ከዚህ፣ ሦስት ከዚያ ይለቃቅማል። ልክ እንደ ሚኒባስ "አንድ ሰው የቀረው!" ይላል፤ አንዱ ግን መቼም አይሞላም። ከጧቱ 2 ሰዓት ትነሣለች የተባለችው ጀልባ 4 ሰዓት ተኩል ተነሣች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከእኔ ያነሰ እንደከፈለ መንገድ ላይ ሰማሁ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ከእኔ በላይ ከፍለዋል። ከዚያ የገዳም መግቢያው ለየብቻ ነው። አስጎብኚው ለየብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዳር ላይ የነገረን የለም።

14 ሰው ነበርን። ላይፍ ጃኬቱ ዘጠኝ ነው። ቆጥሬዋለሁ። አራቱ አግዳሚው ላይ እንደ ትራስ ተነጥፈው ሰው ተቀምጦባቸዋል። እኔ ያነሣሁት ብርቱካንማ ነው፣ ፀሐይ አስነጥቶታል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ማሰሪያው ላይ የነበረው ፕላስቲክ ተሰብሮ በሲባጎ ተተክቷል። ሲባጎውን ሳስር ፊት ለፊቴ ያለው ጎረምሳ "እመቤት፣ ፈራሽ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ ፈራሁ። ጧት ጣና የተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱን ያየ ሰው ይፈራል።

መጀመሪያ ክብራን ደረስን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይወጣበትም። እኔ አውቃለሁ፣ የባሕር ዳር ሰው ነኝ። ከሩቅ የመጡት እናቶች ግን አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን ሰድደው ነው የተነገራቸው። ወንዶቹ ወጡ። እኛ ስድስት ሴቶች ጀልባዋ ላይ አናታችንን ፀሐይ እየመታን አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። እንጦስ ኢየሱስ እዚያው አጠገብ ነው፤ ሴት ይገባበታል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ቀዘፋ ነው። ማንም ያሰበው የለም። ቅሬታዬ ከገዳሙ ጋር አይደለም፤ ሥርዓቱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ቅሬታዬ ትኬቱን ሸጦልን ይህን ካልነገረን ሰው ጋር ነው።

ቀጥሎ ዘጌ። ዘጌን ለመግለጽ ቀኑን ሙሉ ብጽፍ አልሰለችም። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ጥላ ሥር ነው። አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉበት ይባላል። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ደኑም የቆየው በዚህ ነው። መንገዱ ዳር ልጆች ከደንገል የተሠራች የመዳፍ ታህል ታንኳ ይሸጣሉ። ዑራ ውስጥ መቅደሱን ዙሪያውን የከበበው ሥዕል ፊት ቆሞ የሚቸኩል ሰው ልቡ ድንጋይ ነው።

ነጂያችን ግን ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ ነበረባቸው። ትክክል ናቸው። "እንሂድ፣ እንሂድ" ተባለ። ተሳፈርን። "ሁሉም አለ?" ተባለ። ሁላችንም "አለ!" አልን። ሩብ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ የአክስቴ ልጅ ከእግሯ ሥር አንድ የጨርቅ ቦርሳ አነሣች። ውስጡ ግማሽ ዳቦና ለጸበል የተያዘ ባዶ ሃይላንድ አለ። "የማን ነው?" አለች። ጀልባዋ ጸጥ አለች። ከደምበጫ የመጡት እናት የሉም።

ነጂው ምንም ሳይሉ መሪውን አዞሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው አንድ ነገር ነው። ታክሲ ታፔላ አለው። የት እንደሚሄድ ተጽፏል፣ ታሪፉ ይታወቃል፣ ትርፍ ሲጭን ትራፊክ ይይዘዋል። ረዳቱ ቢሞግተንም የምንሞግትበት ቁጥር አለን። ጀልባዋ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር የታክሲ መንገድ በላይ አደጋ ያለበት ውሃ ላይ ስትሄድ ምንም አልተጻፈባትም። ታፔላ ይለጠፍባት። "ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ። መነሻ 2 ሰዓት፣ መመለሻ 8 ሰዓት። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብር። መግቢያ ለብቻ ይህን ያህል። ሴቶች እንጦስ ይወርዳሉ።" ከሥሩ ደግሞ ስንት ሰው እንደምትጭንና ስንት ላይፍ ጃኬት እንዳላት። በቃ። ይህ የዶላር ሥራ አይደለም። የቀለምና የብሩሽ ሥራ ነው።

ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ከዚያ አጠገብ የእነ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ፋሲል አፅም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ ለብቻቸው ሌላ ታፔላ ናቸው። በትንሽ ሞተር መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዘጌን፣ ክብራንንና ደቅን በአንድ ቀን አዳርሳለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሰውየው ወይ ሐይቁን አያውቅም፣ ወይ እናንተን ንቋችኋል።

ባለጀልባዎቹ መልስ አላቸው፣ ሰምቻቸዋለሁ። ቤንዚን የለም። ሲገኝም ከጥቁር ገበያ ነው። በሰባት ሰው ብነሣ ማን ይከፍለኛል ይላሉ። ልክ ነው። ግን በየቀኑ ውጡ ያለ የለም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሁን። ታሪፉ በስምንት ሰው ይሠራ፤ ከዚያ በላይ የመጣው ትርፋቸው ነው። ሰው ቅዳሜ 2 ሰዓት ጀልባ አለች ብሎ ካመነ ከአዲስ አበባም ይመጣል። አሁን የሚቀረው ሐይቁን ጠልቶ አይደለም። ከደላላ ጋር መጨቃጨቁን ጠልቶ ነው።

ጊዜውም አሁን ነው እላለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት እንግዳውን አርቆታል። ብዙ ጀልባ ዳር ላይ ታስሮ ውሏል። ይህን ስጽፍ ባለጀልባው ምን ላይ እንዳለ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ የሚመጣው ፈረንጅ አይሆንም። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ማኅበር ጠጥቶ፣ ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እሱ ሙሉ ጀልባ አይከራይም። ወንበር ነው የሚፈልገው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው "አገራችን ሰው መቁጠር አይወድም" አለኝ። ቀልዱን አይደለም። አያቴ ልጆቿን አትቆጥርም ነበር። ስንት ናቸው ሲሏት "እግዜር የሰጠኝ ያህል" ትላለች። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሰፍት እንደመጣበት በየቤቱ ይወራል። እኔም ጀልባ ላይ በጣቴ እየጠቆምኩ ሰው ልቆጥር ቢባል መጀመሪያ ቀን አፍራለሁ።

ዘጌ ወደብ ስንመለስ እናትዬዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ቡና አለ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። "ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ እስክጨርስ ነው" አሉን፣ እኛ ያጠፋነውን እሳቸው ያጠፉት ይመስል። ደግፈን አሳፈርናቸው። ነጂው ሞተሩን ሊያስነሡ ገመዱን ያዙ።

"ቆይ" አሏቸው እናትዬዋ። የነጂውን ትከሻ ተደግፈው ቆሙና ከፊት ጀምረው በአገጫቸው እየጠቆሙ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እኔ ላይ ሲደርሱ ሲባጎውን አይተው ፈገግ አሉ። መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ደረት ነኩ።

"አሥራ አራት። በል አሁን ንዳ።"