ላንድማርክ ፈርሶ ያሳየን ነገር

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የኖረ አበሻ ላንድማርክ ሞል የሚባለውን ትልቅ የገበያ ማዕከል ያውቀዋል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ዱክ ስትሪት የተባለው መንገድ ከ395 አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነበር። ብዙ ሰው አውቶቡስ ይቀይር የነበረው እዚያ ነው። ብዙ አዲስ መጤም የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬት የገዛው እዚያ ነው። ዛሬ ህንጻው የለም። በ2022 መፍረስ ጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ሞል ታሪክ ለአገር ቤት ሰው መንገር የምፈልገው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ዛሬ የምትመኘውን ነገር አሜሪካኖቹ ስልሳ ዓመት ሞክረውታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሚኒሶታ ነው። ቪክተር ግሩን የቪየና ተወላጅ አርክቴክት ነበር። አይሁዳዊ ስለሆነ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። በ1956 ከሚኒያፖሊስ ዳርቻ፣ ኢዳይና የምትባል ከተማ ውስጥ ሳውዝዴል የተባለውን ሞል ሠራ። ጣሪያ የለበሰ፣ ክረምት ከበጋ አየሩ የተስተካከለ የመጀመሪያው የከተማ ዳርቻ ሞል እሱ ነው። የግሩን ሐሳብ ግን ሱቅ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ህክምና፣ መናፈሻና ሐይቅ እንዲኖር አቅዶ ነበር። ሰው በእግሩ እየሄደ እንዲገናኝ ነበር ምኞቱ። ባለሀብቶቹ ግን የወሰዱለት ሱቁንና የመኪና ማቆሚያውን ነው። ሌላው ወረቀት ላይ ቀረ። ግሩን በኋላ በመላ አገሪቱ የተሠሩትን ሞሎች ሲያይ አዘነ፤ የእኔ ልጆች አይደሉም ብሎ ካዳቸው። አገሩ ተመልሶ በ1980 አረፈ።

ላንድማርክ የተከፈተው በ1965 ነው። ያኔ ጣሪያ አልነበረውም። ሲርስን ጨምሮ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ያሉበት፣ የአካባቢው ኩራት ነበር። ከዚያ በ1968 ታይሰንስ ኮርነር የተባለ ሌላ ሞል በአቅራቢያው መጣ። በ1973 ስፕሪንግፊልድ፣ በ1989 ደግሞ ፔንታጎን ሲቲ ተከተሉ። መኪና ያለው ሰው ወደ አዲሱ ለመሄድ አሥር ደቂቃ ቢጨምር አይገደውም። ላንድማርክም በ1990 ገደማ ጣሪያ ለብሶ ታደሰ። ግን አልቆየለትም። የኢንተርኔት ገበያ ከመስፋፋቱ በፊት ራሱ ባዶ ሱቅ ይታይ ጀምሮ ነበር።

በጥር 2017 ተዘጋ። ቦታው ሃያ ሄክታር ገደማ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች የቆሙበት መሬት የተለያየ ባለቤት ስለነበረው፣ ይታደስ የተባለው ዕቅድ ለዓመታት ተጓተተ።

በዚህ መሀል የሆነውን ሳስበው አሁንም ልቤ ይነካል። በከተማው ቤት ለሌላቸው ሰዎች ማደሪያ የሚሰጥ ካርፔንተርስ ሼልተር የሚባል ድርጅት አለ። የራሱን ህንጻ አፍርሶ ሲሠራ፣ ከ2018 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በተዘጋው የሜሲስ መደብር ውስጥ ሰዎቹን አስጠለለ። ሽቶና ጫማ ይሸጥበት የነበረው ፎቅ አልጋ ተዘርግቶበት ቤተሰብ አደረበት። ባዶ ህንጻ አጥር ታጥሮለት ከሚበሰብስ ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ።

አሁን ቦታው ላይ ምን እየተሠራ ይመስላችኋል? ሆስፒታል። በ2028 ይከፈታል ተብሏል። ከሆስፒታሉ ጋር መኖሪያ ቤቶች፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ መናፈሻ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከታች ሱቅ። ለዚህ ከተማው ራሱ 140 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበድሯል። አስተውሉ እንግዲህ! ግሩን በ1950ዎቹ ያቀደው ነው። ቤትን ከገበያ የለየውን ስህተት ለማረም ይኸው ዛሬ ብድር ይገባሉ።

እዚህ አሜሪካ በብዙ የከተማ ዳርቻ ሰፈር ቤትና ሱቅ አንድ ላይ እንዳይሆኑ የሚከለክለው ሕግ ነው። ሽንኩርት ቢያልቅባችሁ መኪና ማስነሳት ነው። መንዳት የማይችሉ እናቶቻችን ልጅ ለመጠበቅ መጥተው ቤት ውስጥ ታስረው ሲውሉ አይቻለሁ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሣሩ ያምራል። ደጅ ወጥተው ግን የሚሄዱበት የለም።

አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ብትሄዱ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ጀሞም ሰሚትም ያው ነው። ልጅ ተልኮ ዳቦ ይገዛል። ባለሱቁ ያውቅሃል፣ ሲቸግርህ በዱቤ ይሰጥሃል፣ ቁልፍ ታስቀምጥበታለህ። የድሮዎቹ ሰፈሮች ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነበራቸው። ፒያሳ ላይ ጠላና ቡና ከወርቅ ቤት አጠገብ ይሸጥ ነበር፤ ከጀርባው ሰው ይኖር ነበር። መርካቶም በጣሊያን ጊዜ ገበያው ከአራዳ እንዲነሳ ተደርጎ የተቋቋመ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ በየተራው ራሱ የሠራው ገበያ ሆኗል።

ስለዚህ በ2024 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ያዘንኩት ለአሮጌ ግድግዳ ብዬ አይደለም። ሽንት ቤት የሌለው፣ ዝናብ የሚያፈስ ቤት መታደስ አለበት፤ እዚያ ያልኖረ ሰው ብቻ ነው ናፍቆት የሚያወራው። ያሳዘነኝ ነዋሪው ወደ ዳር ሲሄድ ደንበኛውና ጎረቤቱ አብረውት አለመሄዳቸው ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ አዲስ ቤት ብታገኝ እንኳ ማን ይገዛታል? መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲያምር ደስ ይለኛል። ግን ከፎቁ ሥር ለእሷም አንድ ካሬ ቦታ ይታሰብላት።

እዚህም ሥጋቴ እንደዚያው ነው። በላንድማርክ ዙሪያ ባሉት ትንንሽ የሱቅ ረድፎች የእኛ ሰዎች ባልትናና እንጀራ ይሸጣሉ፣ ፀጉር ይሠራሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ። ሞሉ ሲሞት አካባቢው እንዳይሞት ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሆስፒታሉና አዲሶቹ ቤቶች ሲያልቁ ኪራይ ሊንር ይችላል። የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ አለው፤ ማንም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። የእኛ ባለሱቆች ከአሁኑ ሄደው ቢናገሩ፣ እኛም አብረን ብንቆም ጥሩ ነው።