ማስተካከያ፦ ስለ ሜልቪን ካልቪን የጻፍኩት
ስለ ፎቶሲንተሲስ (ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ሂደት) ተመራማሪው ሜልቪን ካልቪን ባለፈው ስጽፍ፣ ዶክትሬቱን ያገኘው አሜሪካ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዶክትሬቱን በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቀበለው ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ሄዶ ከኬሚስቱ ማይክል ፖላኒ ጋር ሠራ። በርክሌይ የገባው በ1937 ነው፤ ለማስተማር እንጂ ለመማር አይደለም።

ይሄ ቀላሉ ስህተት ነው። የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጡበትን ዑደት «ካልቪን ብቻውን አገኘው» ብያለሁ። እርግጥ የ1961ዱን የኬሚስትሪ ኖቤል ብቻውን ነው የወሰደው። ሥራው ግን የብዙ ሰው ነበር። አልጌዎችን (ዕፅዋት መሰል የውኃ ፍጥረታትን) ካርቦን-14 (ጨረር የሚያመነጭ የካርቦን ዓይነት) እየመገበ፣ የተፈጠሩትን ውህዶች በወረቀት ክሮማቶግራፊ (ውህዶችን በወረቀት ላይ በሚለያይ ዘዴ) እየለየ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲለፋ ከነበሩት ዋነኛው አንድሩ ቤንሰን ነው። የጄምስ ባሻም ድርሻም ትልቅ ነው። ቤንሰን በ1954 ከበርክሌይ ለቀቀ። ሽልማቱ ሲመጣ ስሙ አልተጠራም። ይህ ደግሞ ሲበዛ ያሳዝነኛል፤ የኔ ጽሑፍም ያንኑ ዝምታ ደገመው። ዛሬ ብዙዎች «የካልቪን-ቤንሰን-ባሻም ዑደት» ይሉታል። እኔም ጽሑፉን በዚሁ ስም አርሜዋለሁ። አንባቢዎቼን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።