ስለ ካናቢስ ለተማሪዎች ምን ይነገር?

ሐዋሳ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ካናቢስ ሲነገር “አትንኩት” ይበቃል ወይስ ውስጡ ያለው ነገር የሚሠራውም ይብራራ? አንዲት የባዮሎጂ መምህርትና ዛሬ ፋርማሲስት የሆነ የቀድሞ ተማሪዋ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋርማሲስቱ፦ ቲቸር፣ ሻሸመኔ ቅርባችን ናት። ልጆቹ “ጋንጃ” የሚለውን ቃል ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። እንግዲያው በትክክል ይወቁት። ተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ በላይ ውህዶች አሉ፤ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ቲኤችሲና ሲቢዲ። የሚያጦዘው ቲኤችሲ ነው። እስራኤል ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሜሹላምና ጋዎኒ በ1964 ለይተው አወጡት። አእምሯችን ራሱ አናንዳማይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። ቲኤችሲ የእሱን ቦታ ይዞ በነርቭ ሴሎች ላይ ያለውን ሲቢ1 የተባለ መልእክት ተቀባይ ይነካካል። ማስታወስ የሚዳከመው፣ ደቂቃው የሚረዝመው፣ ልብ በፍጥነት የሚመታው፣ አንዳንዱንም ፍርሃት የሚይዘው በዚህ ነው። ሲቢዲ ግን አያጦዝም። በ2018 አሜሪካ ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የሲቢዲ መድኃኒት ለሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታዎች ፈቅዳለች። ይህን ለምን እንደብቃለን?

መምህርቷ፦ ልጄ፣ ማን ደብቅ አለህ? የ16 ዓመት ልጅ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው “መድኃኒት ነው” የሚለውን ብቻ ነው። ያንተ ኤፒዲዮሌክስ ተጣርቶ፣ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። በወረቀት የተጠቀለለው ላይ የቲኤችሲው መጠን ተጽፏል እንዴ? አሜሪካ ውስጥ የተያዘ ካናቢስ በ1995 ቲኤችሲው 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2021 ወደ 15 ደርሷል። የልጆቹ አእምሮ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። የኛም ወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ቀልድ አያውቅም።

ፋርማሲስቱ፦ ይሄማ ለእኔ መሰከረ! ቲኤችሲ ምን እንደሆነ ሳይነገር 4 እና 15 ምን ትርጉም አለው? ሲበላማ ይብሳል። ጉበት ወደ ሌላ ጠንካራ ውህድ ይለውጠዋል፤ ስሜቱም ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። “ምንም አላደረገኝም” ብሎ የሚደግም ልጅ ጉድ ይሆናል።

መምህርቷ፦ አንዱ ደግሞ “እንግዲያው ትንሽ ልብላ” ይልሃል። እኔ ቲኤችሲን በነርቭ ሥርዓት ትምህርት ላይ አስገባዋለሁ። ሲቢዲን ተወው።

ፋርማሲስቱ፦ በነርቭ ሥርዓቱ ተስማምተናል። ሲቢዲን ግን አልተውም። እርስዎ ቢተዉት ቲክቶክ ያስተምራቸዋል፤ ሲቢዲ የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያዘገይ የሌላ መድኃኒት መጠን ደም ውስጥ እንደሚያንር ግን አይነግራቸውም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አቁሞ ከኢንተርኔት ያየውን “ዘይት” የሚፈልግ ታማሚ በድንገት በማቆሙ ብቻ ሊጥለው ይችላል። ከክፍልዎ ልጆች የአንዱ ወንድም ቢሆንስ?