ለአንዲት ዴክ ይህ ሁሉ ወረቀት?

ፍሎሪዳ ቤት የገዛ ሀበሻ ውሎ አድሮ ዴክ ያምረዋል። ከቤቱ ጀርባ ሰፋ ያለ የእንጨት ወለል፣ ቅዳሜ ጥብሱ፣ እሑድ ቡናው እዚያው። ማን ይጠላል? ጣጣው የሚጀምረው «ፈቃድ ያስፈልገዋል» ሲባል ነው። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ገንዘቤ ጣውላ ለምደረድረው የማንን ፈቃድ ነው የምለምነው የሚል ንዴት ይመጣል። አዲስ አበባ ከወረዳ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ደግሞ ንዴቱ እጥፍ ነው። ያንን ሸሽቼ አልነበር እንዴ የመጣሁት ይላል።

ንዴቱ ይገባኛል። ግን የምናራግፈው ያለቦታው ነው። ፈቃድ መጠየቁ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው አሰጣጡ ነው፤ ለአንድ አነስተኛ ዴክ እያንዳንዱ ባለቤት ከዜሮ ጀምሮ ፕላን ያሠራል፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ የፈቃድ ቢሮው ደግሞ ተመሳሳዩን ነገር እንደ አዲስ ሲመረምር ይከርማል።

እስቲ ከነፋሱ እንነሳ። ዴክ ሲባል የምናስበው ስለ ክብደት ነው፤ ሃያ ሰው ቢቆምበት ይችላል ወይ። ሀሪኬን የሚባለው ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ ግን ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ያነሳል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዘው አግዳሚ እንጨት በምስማር ብቻ ከተመታ ይነቀላል፣ በብሎን መታሰር አለበት። ምሰሶው ኮንክሪቱ ላይ እንዲሁ ከቆመ ይነሳል፣ በብረት መያዣ መያዝ አለበት። ባሕር አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጨው ተራ ብረት ስለሚበላ በዚንክ የተነከረ ወይም ስቴንለስ ስቲል ያስፈልጋል። እና ያ የተነቀለ ጣውላ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ጎረቤት መስኮት ላይ ነው። መስኮቱ ሲሰበር ነፋሱ ቤት ውስጥ ይገባና ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። «የኔ ዴክ የኔ ጉዳይ ነው» የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል።

ፍሎሪዳ ይህንን የተማረችው በወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሀሪኬን አንድሩ ደቡብ ማያሚን ሲመታ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ፣ ከ100 ሺህ በላይ ደግሞ ተጎዱ። በኋላ ፍርስራሹ ሲመረመር ጉዱ ወጣ። የሕንፃ ደንቡ ድሮም ነበር፣ የሚያስከብረው ነው የጠፋው። እንጨቱን ስተው ባዶ ላይ የተመቱ የጣሪያ ማያያዣዎች ሁሉ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ነው ግዛቱ በ2002 አንድ ወጥ የሕንፃ ኮድ ሥራ ላይ ያዋለው። ማያሚ ዴድና ብራዋርድ የሚባሉት ካውንቲዎች፣ ማለትም የግዛቱ የአስተዳደር ክፍሎች፣ ደግሞ የራሳቸው ጠበቅ ያለ ክፍል አላቸው። ተራ መኖሪያ ቤት እንኳ ማያሚ ዴድ ውስጥ በሰዓት 175 ማይል፣ ብራዋርድ ውስጥ 170 ማይል ነፋስ ታስቦ ነው የሚሠራው። 175 ማይል ማለት በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የቦታችሁ የቅየሳ ካርታ ይጠየቃል፣ ዴኩ ከድንበር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚታየው በእሱ ነው። ዝርዝር ፕላን አለ፣ ብዙ ቦታ የመሐንዲስ ማኅተም ያለበት። የሰፈሩ የነዋሪዎች ማኅበር ካለ የእሱ ፈቃድ ሌላ ነው፣ የአንዱ የሌላውን አይተካም። ሥራው ከ5 ሺህ ዶላር ካለፈ ደግሞ ሥራ መጀመሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ካውንቲው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። ይህችን ወረቀት ሰው ይንቃታል፣ ግን ዋጋ አላት። ኮንትራክተሩ ገንዘባችሁን ተቀብሎ ለእንጨት ሻጩ ሳይከፍል ቢቀር ሻጩ ቤታችሁን በዕዳ ሊያሲዝ ይችላል። በእሷ በኩል ማን ምን እንዳቀረበ እያወቃችሁ ነው የምትከፍሉት፣ ሁለቴ ከመክፈል ታድናለች።

ቤቱ ጎርፍ ቀጠና ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የባሕር ማዕበል በሚመታው ቀጠና ከቤቱ ጋር የተያያዘ ዴክ የታችኛው አግዳሚው ከተተመነው የጎርፍ ከፍታ በታች መውረድ የለበትም። ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ከቤቱ ተለይቶ ለብቻው መቆም አለበት፣ ማዕበል ሲመጣ ቤቱን ሳይጎዳ እንዲሄድ። የ50 በመቶ ደንብም አለ፤ የእድሳቱ ወጪ ከቤቱ የገበያ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ መሬቱ ሳይቆጠር ማለት ነው፣ ቤቱ በሙሉ አሁን ባለው የጎርፍ ደንብ መሠረት መስተካከል አለበት። ዴክ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ከወጥ ቤትና ከጣሪያ እድሳት ጋር ሲደመር ግን ሊደርስ ይችላል።

«ሳላስፈቅድ ብሠራ ማን ያየኛል?» ለሚል ሰው በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ ያለውን የሊ ካውንቲን ታሪክ ልንገረው። ሀሪኬን ኢያን በሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ያንን አካባቢ አወደመው። ሰው ቤቱን ለመጠገን ተሯሯጠ፣ ጥቂት የማይባለውም ያለ ፈቃድ። በ2024 የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፊማ መጣና ካውንቲውና በውስጡ ያሉ አንዳንድ ከተሞች ነዋሪዎቻቸው በጎርፍ ኢንሹራንስ ላይ የሚያገኙትን የ25 በመቶ ቅናሽ ሊያጡ ነው ብሎ አረፈው። አንዱ ምክንያት በጎርፍ ቀጠናው ያለ ፈቃድ የተሠራው ሥራ ብዛት ነበር። ከተሞቹ ጮኹ፣ ሰነድ አቀረቡ፣ በጁላይ ከፎርት ማየርስ ቢች ከተማ በስተቀር ቅናሹ ጸናላቸው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ምስማር እንኳ ያልመታ ጎረቤት በሌላ ሰው ሥራ የኢንሹራንስ ክፍያው ሊጨምርበት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። እኛ ጋ በጣም የተለመደው አካሄድ «እጁ የተባረከ ልጅ አውቃለሁ፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራልሃል» ነው። ልጁ እውነትም ጎበዝ አናጺ ሊሆን ይችላል። ላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ ግን የለውም። ስለዚህ «ፈቃዱን አንተ በስምህ አውጣና እኔ እሠራዋለሁ» ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የፍሎሪዳ ሕግ ባለቤቱ የራሱን ቤት ራሱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፣ ግን ሥራውን ራሱ መቆጣጠር አለበት፣ ላይሰንስ የሌለውን ሰው ኮንትራክተር አድርጎ መቅጠርም አይችልም። በዓመት ውስጥ ቤቱን ብትሸጡ ወይም ብታከራዩ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለንግድ እንደሠራችሁት ይገመታል። ልጁ ከመሰላል ቢወድቅ ተጠያቂው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ለልጁም ቢሆን አይበጀውም፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት ያለ ላይሰንስ ኮንትራክተር ሆኖ መሥራት ፍሎሪዳ ውስጥ ከባድ ወንጀል ነው። ሀሪኬን በመጣ ቁጥር ደግሞ ያ አዋጅ ይታወጃል። በዝምድና ስም የሰው ልጅ እዚያ ውስጥ መክተት ይከብደኛል።

እንግዲህ የፈቃዱን ነገር እንዲህ ከተሟገትኩለት ቢሮዎቹንም ልናገራቸው። ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ዘመድ ያለው ሰው ይህንን ያውቀዋል። እዚያ ካውንቲው ራሱ ያዘጋጀው የዴክ ዝርዝር ፕላን አለ። ባለቤቱ ያወርደዋል፣ የሚፈልገውን ስፋት ይሞላል፣ ለተለመደ ዴክ መሐንዲስ ፍለጋ አይሄድም። የምሰሶው ውፍረት፣ የብሎኑ ርቀት፣ የመሠረቱ ጥልቀት፣ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። ያ ፕላን እንዳለ ፍሎሪዳ ቢመጣ አይሠራም፣ ነፋሱ ሌላ ነው። ሐሳቡ ግን ይሠራል። የባሕር ዳርቻ ካውንቲዎች ሁሉ በአካባቢያቸው የነፋስ ፍጥነት የተሰላ፣ መሐንዲስ አንዴ የፈረመበት የአነስተኛ ዴክ ፕላን ቢያወጡ ምን ይጎዳቸዋል? ሃያ ጫማ በአሥር ጫማ የሆነ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ ዴክ ከቤት ቤት ምን ያህል ይለያያል? መርማሪው የሚያየው ያው ቦታ ላይ ያው ብሎን ነው። ለመሐንዲስ ከሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ ብረቱ ላይ ቢውል ዴኩም ይጠነክራል።

ሁሉን ቀለል እናድርግ፣ ለትንንሽ ሥራ ፈቃድ ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ወረቀቱ ይቅለል እንጂ ኢንስፔክተሩ አይቅር። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ጉድጓዱን፣ ጣውላው ከመሸፈኑ በፊት ማያያዣውን አንድ የሠለጠነ ዓይን ማየት አለበት፤ ከተሸፈነ በኋላ ማን ያያል? የመጨረሻው ምርመራም አይዘለል። ብዙ ሰው ዴኩ ካለቀ በኋላ ይረሳውና ፈቃዱ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላ ቤት ሲሸጥ ገዢው ያገኘዋል። ያኔ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

የካውንቲ ኮሚሽን ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ብትሄዱ ይሻላል፣ ያኔ ቢሮዎቹ በአውሎ ነፋስ ጉዳት ማመልከቻ አይወጠሩም። «ዝግጁ የዴክ ፕላን ለምን የለንም?» ብላችሁ ጠይቁ። የፌርፋክስን ፕላን አትማችሁ ያዙ።