ይድረስ ለጨርቅ ቆጣሪው፣ ባሉበት

ክቡር ጨርቅ ቆጣሪ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከዓይንዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ኮከብ ቆጣሪ እንኳ ስምና የእናት ስም ይጠይቃል። እርስዎ ምንም አይጠይቁም። ሻሽ አይተው ነገር ይጨርሳሉ። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ሥራዎን ሲሠሩ በደንብ አይቻለሁ። መጀመሪያ አገጬ ስር ያለችውን ስፒል ይመረምራሉ። ቀጥሎ ጆሮዬ አካባቢ ያመለጠ ፀጉር ካለ ይፈልጋሉ። ሁለት ዘለላ ከተገኘ እዚያው ላይ ይቆያሉ፣ ቀላል ማስረጃ አይደለምና። ከዚያ ከአባያዬ ጫፍ ስር ብቅ ያለችው ጂንስ ላይ ይወርዳሉ። ጥፍሬ ቀለም አለው? የለውም? ጫማዬ ላይ ሲደርሱ ፍርዱ አልቋል። አንድ ቀን ጨዋ ነኝ። አንድ ቀን አክራሪ። አንድ ቀን ደግሞ ነፃ አውጪ የምትጠብቅ ምስኪን። ሲከፋ ደግሞ ወደ ጎረቤትዎ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ እኔ እንድሰማው ግን ጠንከር አድርገው፣ «እነዚህ እኮ ተሸፋፍነው ነው የሚሠሩት» ይላሉ።

ብዕር ያስነሳችኝ ይህችው የመጨረሻዋ ናት።

እርስዎ ዘንድ የተሸፈነች ሴት ወይ ቅድስት ናት ወይ ሴተኛ አዳሪ። መሀል ላይ ወንበር የለም። ጥርስ የምትነቅል ሐኪም፣ ሂሳብ አልዘጋ ብሏት የተናደደች ገንዘብ ያዥ፣ ጉንፋን ይዟት በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ልትጠርግ የምትፈተን ሴት እርስዎ መዝገብ ላይ አልሰፈሩም።

አንድ ሌሊት የማታ ተራዬን ጨርሼ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። አባያዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው፣ እጄ ላይ ባዶ የምሳ ዕቃ አለ። አንድ መኪና ፍጥነት ቀንሶ አጠገቤ ቆመ። መስታወቱ ወረደ። «ስንት ነው?» አለ። ዝም አልኩት። «ሸፈን ማለትሽ ራሱ ደስ ይላል» ብሎ ጨመረበት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክራቫቱ የተስተካከለ ሰው ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። እርስዎ በዚያች ሰዓት በዚያ ቢያልፉ ኖሮ ማንን ይቆጥሩ ነበር? እሱንማ አይሆንም። ክራቫት አይቆጠርም።

ሙያዎ አዲስ እንዳይመስልዎ ደግሞ። ከ3000 ዓመት በፊት አሦራውያን በሸክላ ሰሌዳ ላይ ሕግ ጽፈው ነበር። ባለትዳር ሴት ወደ አደባባይ ስትወጣ ትሸፈን፣ ሴተኛ አዳሪ ግን እንዳትሸፈን ይላል። ተሸፍና የተገኘች ሴተኛ አዳሪ 50 በትር ትመታለች፣ ራሷ ላይ ቅጥራን ይፈስባታል። አይቶ ዝም ያላትም ወንድ 50 በትር ይቀምሳል። ያኔ ጨርቅ መቁጠር ግዴታ ነበር ማለት ነው። እርስዎ ሳይገደዱ በነፃ መሥራትዎ ያስመሰግንዎታል።

አሁን ደግሞ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38ን ይግለጡ። ትዕማር ፊቷን ተሸፍና መንገድ ዳር ተቀመጠች። ይሁዳ ስለተሸፈነች ጋለሞታ መሰለችው። አሦር ዘንድ መሸፈኛው የጨዋነት ማረጋገጫ ነው፤ እዚህ ደግሞ የጋለሞታነት። እናም ሰውየው ገባ፣ ዋጋ ተስማማ፣ ቀለበቱንና በትሩን መያዣ ሰጠ፣ የገዛ ምራቱ መሆኗን ግን አላወቀም። ማርገዟን ሲሰማ «ትቃጠል» ብሎ ፈረደ። መያዣው ሲላክለት ነው ከእኔ እሷ ትሻላለች ያለው። እሱ እንኳ በመጨረሻ አመነ። እርስዎ እስካሁን መያዣ የላከልዎ ሰው የለም መሰለኝ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1215 ሮም ላይ የተሰበሰበው የካቶሊክ ጉባኤ ነው። አይሁድና ሙስሊሞች በልብሳቸው ከክርስቲያኑ ይለዩ ብሎ አዘዘ። ምክንያቱ? ሰዎች በስህተት ከሌላ ሃይማኖት ሴት ጋር እየተኙ ነው ተብሎ! በስህተት! (አንሸራትቷቸው ይሆናል።) በዚያው ዘመን ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ሴተኛ አዳሪ የምትለይበትን ምልክትም ወስነው ነበር። ለደንበኛዋ የተወሰነ ምልክት ግን ፈልጌ አጣሁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1999 ወሲብ ገዢውን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ሕጉ ይጥቀም ይጉዳ ሴቶቹ ራሳቸው ገና ይከራከሩበታል። እዚያም ቢሆን ገዢው የሚታወቅበት ቆብ አልተሰፋለትም።

የሥራ ባልደረቦችዎ መንግሥት ሲይዙ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1936 ሴቶች እንዳይሸፈኑ ከለከለች፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ጨርቅ ይገፍ ነበር። በ1983 ደግሞ ያልተሸፈነች እስከ 74 ጅራፍ እንድትገረፍ ደነገገች። በልጅነቷ የተገፈፈች ሴት በስተርጅና ልትገረፍ ትችላለች ማለት ነው። ፈረንሳይ ፊት መሸፈንን እስከ 150 ዩሮ በሚደርስ ቅጣት ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት ኒስ የባህር ዳርቻ ላይ መሣሪያ የታጠቁ ፖሊሶች አንዲትን ሴት ከበው ቆመው ከላይ የደረበችውን ስታወልቅ ይጠባበቁ ነበር። ወንዶች ቆመው አንዲት ሴት ልብሷን እስክታወልቅ ሲጠብቁ። ይህ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚባል ለእርስዎ አልነግርም።

ሌሊት ስልክዎ ላይ ስለሚያደርጉት ምርምርም ሰምቻለሁ። የወሲብ ፊልም ነጋዴዎች ሂጃብን የገበያ ማጣፈጫ ካደረጉት ቆይተዋል። ሙስሊም ያልሆነች ተዋናይት ሻሽ ትጠመጥማለች፣ መብራቱ ይበራል፣ እርስዎም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ይላሉ። ጠዋት ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ዓይንዎ እኔ ላይ ነው።

ይሄኔ ከእኛ ወገን «በያቸው እህቴ!» የሚል ወንድም አይጠፋም። ቆይ፣ አንተንም አልረሳሁህም። ሻሿ አጠረ፣ ቀሚሷ ጠበበ፣ ሽቶዋ ሸተተ እያልክ መስጊድ በር ላይ የምትቆጥረው አንተ አይደለህም? ቁርአን ውስጥ ሱረቱ አን-ኑር ላይ አንቀጽ 30 ከአንቀጽ 31 ይቀድማል። 30ኛው ወንዶች ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ነው የሚያዘው። የሴቷ ልብስ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አንተ ግን ሁልጊዜ ከ31 ነው የምትጀምረው። እዚያው ሱራ አንቀጽ 4 ላይ ደግሞ ጨዋ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ 80 ጅራፍ ይገረፋል፣ ምስክርነቱም ከእንግዲህ አይሰማም። አውቶቡስ ውስጥ የተንሾካሾከ ወሬ ስንት ምስክር አለው?

ወደ እርስዎ ልመለስ፣ ክቡርነትዎ። እዚህ ላይ «እኔ እንደዚያች አይደለሁም!» ብዬ እንድምልና እንድገዘት ይጠብቃሉ። አልምልም። እኔ በማልኩ ቁጥር እርስዎ አንዲት ሌላ ሴት ላይ እንዲተፉ ፈቃድ መስጠቴ ነው። አዎ፣ ሙስሊም ሴተኛ አዳሪ አለች። የሌላ ሃይማኖትም አለች፣ የምንም ያልሆነችም አለች። ማታ የምትሠራው ሌላ ሆኖ ቀን ሂጃቧን አድርጋ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣ ሴትም አለች። እርስዎ ይሄን ሲሰሙ «መደበቂያ ነው» ይላሉ። እሷ ግን ዙህርን የምትሰግደው በዚያው ሻሽ ይሆናል። የሂሳቧ መዝገብ እርስዎ ጋ ነው እንዴ የተቀመጠው?

የነቢዩን ንግግሮች የሰበሰቡት ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ከበኒ እስራኤል የሆነች ሴተኛ አዳሪ በውሃ ጥም ሊሞት ያለ ውሻ ጉድጓድ አጠገብ አየች። ባልዲ የለም፣ ገመድ የለም። ጫማዋን አወለቀች፣ በራስ መሸፈኛዋ አሰረችው፣ ውሃ ቀድታ አጠጣችው። በዚህ ሥራዋ አላህ ማራት። እርስዎ በዚያ ቢያልፉ ኖሮ ውሻውንም ውሃውንም አያዩም ነበር። የሚያዩት የተገለጠ ፀጉሯን ነው። እሱንም ለጎረቤትዎ ይነግሩ ነበር።

እንግዲህ ነገሬን አላስረዝም። ነገ አውቶቡሱ ላይ እንገናኛለን። እዚያ መስኮት የሚባል ነገር አለ። ውጪውን ያሳያል፣ በነፃ ነው። እሱ ከከበደዎ ስልክዎን ይንኩ፣ ከላይ ያልኩትን ግን ቤትዎ ይተዉት። ያም ካልሆነ እኔም መቁጠር ልጀምር ነው። ከኮሌታዎ እጀምራለሁ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ጫማዎ ላይ ስደርስ ለጎረቤቴ የምነግራት አላጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
ፊት ለፊትዎ የምትቀመጠው

ግልባጭ፦
ለባለ ክራቫቱና ለመሰሎቹ። በልብስ ስለማይለዩ ለሁሉም ወንድ ተሳፋሪ ይባዛ።