የበግ አገር ተቀምጬ ክር አጣሁ

ዛሬ ሆዴ ውስጥ ያለውን ካልተነፈስኩ አልተኛም።

ለአባቴ የጀመርኩት ሹራብ አለ። ጥቁር አረንጓዴ። ፊቱ አልቋል። ጀርባው አልቋል። ግራ እጅጌው አልቋል። ቀኝ እጅጌው ላይ ክርኑ ጋ ስደርስ ክሩ አለቀብኝ።

ክሩን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ። የነበራቸው ስድስት ልቃቂት ብቻ ነበር። ስድስቱንም ጠራርጌ ወሰድኩ። ባለሱቁ «ከበቂ በላይ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። አባቴ ግን ረጅም ሰው ነው፤ እጁም እንደ ቁመቱ ነው። ለገና ላደርስለት ነበር ሐሳቤ። ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። አሁን ፋሲካ እየመጣ ነው።

ቅዳሜ ለታ ግማሿን እጅጌ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሱቁ ተመለስኩ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ አረንጓዴ አወጣ። አምፖሉ ሥር አስጠግተን አየነው። እኔ አየሁ፣ እሱ አየ፣ አጠገቤ ቁልፍ ትመርጥ የነበረች ሴትዮም አየች። ሦስታችንም «ያው ነው» አልን። ሁለት ልቃቂት ገዝቼ ገባሁ። ማታ ቁጭ ብዬ አንድ ስንዝር ሠራሁ። ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ሳየው ክው አልኩ። ከክርኑ በላይ የጥድ ቅጠል፣ ከክርኑ በታች የጎመን ቅጠል። መሐሉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። አባቴ ያንን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ? አይሆንም። ስንዝሯን ቁጭ ብዬ ተረተርኳት።

ይህ የባለሱቁ ዓይን ወይም የኔ ዓይን ችግር አይደለም። ክር የሚነከረው በዙር በዙር ነው። ባንድ ዙር የተነከረው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ይወጣል። የሚቀጥለው ዙር ግን ማቅለሚያው ያው፣ ልኬቱ ያው ሆኖ እንኳ በትንሹ ይለያል። ፋብሪካዎቹም ይህን ስለሚያውቁ የዙሩን ቁጥር ልቃቂቱን በሚያቅፈው ወረቀት ላይ ያትሙታል። ሹራብ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን አመሳስሎ ነው የሚገዛው። እኔ እጅ የሚገባው ክር ግን ወረቀት የለውም። ወረቀቱ ሲጠፋ ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ሱፍ ይሁን አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር፣ ስንት ግራም ይሁን፣ በስንት ሚሊሜትር መርፌ እንደሚሠራ፣ ሙቅ ውሃ ይችል አይችል፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ክር ልገዛ ስወጣ ክብሪት ይዤ ነው የምወጣው። ቁራጭ ክር እለምንና በር ላይ ቆሜ ጫፉን አነደዋለሁ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። እሳቱም ቶሎ ይጠፋል። የቀረውን በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ምስር ጠጥሮ ይቀራል። ያ አረንጓዴ ክር ጠጉር ጠጉር ነበር የሸተተኝ። ስድስቱንም የተሻማሁት ለዚህ ነው።

ሱፍ መሆኑ ለአባቴ ቁም ነገር ነው። አባቴ ያለው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። እኛ ደብረ ብርሃኖች ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጣታችን ይደነዝዛል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትርም በላይ ነው። ጉሙ ወርዶ ልብስ ላይ ጤዛ ሲያደርግ ሱፍ ርሶም ቢሆን ይሞቃል። ማታ ደግሞ አባቴ ምድጃ ዳር ነው የሚቀመጠው። ፍንጣሪ ሱፍ ላይ ቢያርፍ ጠቁሮ ይከስማል። አክሪሊክ ላይ ቢያርፍ አቅልጦ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ሽማግሌ አባቴን ፕላስቲክ አልብሼ እሳት ዳር አላስቀምጥም።

አልጋዬ ሥር ካርቶን አለ። ሌላውም ጅምር እዚያ ነው ያለው። ለእህቴ ልጅ ገና አራስ ሳለች የጀመርኩት ነጭ ሹራብ አለ። አንድ ልቃቂት አጥቶ ቀረ። ልጅቷ ዛሬ ግቢ ውስጥ ዶሮ ታሯሩጣለች። አራት መዓዘን አራት መዓዘን እየሠራሁ የምገጣጥመው የትርፍራፊ ክር ብርድ ልብስም አለ። እሱ እንኳ ሰው ሁሉ ትርፍራፊ ሲሰጠኝ ቀስ ብሎ ያልቃል።

የእናቴ ካልሲ ነው እንጂ አንጀቴን የሚያሳርረው። ካልሲ ክብ ሆኖ የሚሠራው በአምስት አጫጭር መርፌ ነው፤ ሁሉም ሁለት ጫፋቸው ሹል ነው። አራቱ የክሩን ቀለበት፣ ዐይን የምንለውን፣ ይይዛሉ፤ በአምስተኛው ይሠራል። ተረከዙ ላይ እንደደረስኩ አንዱ ተሰበረ። ነጠላ መርፌ የሚሸጥልኝ አጣሁ። ሙሉ አምስቱንም ከነአካቴው አጣሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ስታስተምረኝ የጃንጥላ ሽቦ ቆርጣ፣ ድንጋይ ላይ ስላ ነበር መርፌ ያበጀችልኝ። አሁንም ለራሷ ካልሲ የጃንጥላ ሽቦ ፍለጋ ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ እኔ ግን እዚያው ነኝ።

«መርካቶ ሂጂ» ትሉኛላችሁ። ሄጃለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ በለሊት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፌ 130 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። የአባቴን እጅጌ ታቅፌ ከሱቅ ሱቅ ዞሬያለሁ። አንዱ ቤት የጅምላ እንጂ ችርቻሮ የለም አለኝ። ሌላው አረንጓዴ የተባለውን ሁሉ ፊቴ ዘረገፈው፤ ሁሉም ሲነድ ቀለጠ። የትራንስፖርቱን ሂሳብ ስደምረው ለአባቴ ካፖርት ይገዛ ነበር።

እሺ፣ ክሩስ ይጥፋ። ሰው ደግሞ አለ።

«የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ሌላ ታስቢያለሽ?» ይቺን ያልነገረኝ የለም። ቢሮ ይሉኛል፣ ሰፈር ይሉኛል፣ ቡና ላይ ይሉኛል። ባለፈው አንዲት የማከብራት ጎረቤቴ «አንቺ ልጅ፣ ጅምር አታብዢ፤ እጅሽ አንድ ነገር ላይ ይጽና» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ብዬ ዝም አልኩ። እዚያ ላይ መልስ መስጠት ነውር ነው። እዚህ ግን ልመልስ። እኔ አልሰለቸሁም። ሰንፌም አላቆምኩም። እያንዳንዱ ጅምር የቆመበትን ቦታ፣ የጎደለውን ነገር፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ሳልጽፍ እነግራችኋለሁ። እጄ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ነው የሚከፋኝ። ክር ያለው አዲስ ሥራ ብጀምር ምኑ ነው ጥፋቱ? ሊጥ አልቆበት ጤፍ የሚያስፈጭን ሰው ማን ይቆጣል?

«ለኔም ሥሪልኝ» የሚሉት ደግሞ አሉ። «ክሩን እኔ እገዛለሁ» ይላሉ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋሉልኝ። የየቱን ክር ነው የሚገዙት? ለአንድ ትልቅ ሰው ሹራብ ግማሽ ኪሎ ገደማ ክር ይፈጃል። እኔ ከሥራ ገብቼ፣ እራት አብልቼ፣ ልጅ አስተኝቼ የማገኘው በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ሹራብ ከወር በላይ ማታ ማታዬን ይወስዳል። ዋጋ ስናገር «እንዴ! ሰልባጅ እኮ በዚህ አራት ይገዛል» ይሉኛል። ይገዛል። ሰልባጅ ተራ እኔም እሄዳለሁ። ግን እኔ የምሄደው ልብሱን ልለብስ አይደለም። የሱፍ ሹራብ ፈልጌ፣ ተርትሬ፣ ክሩን አጥቤ፣ እንደገና ልጠቀልለው ነው። እሱም ዕድል ይጠይቃል። የጎኑን ስፌት ገልብጬ አያለሁ። ዳሩ ተያይዞ የተሠራ ከሆነ አንድ ወጥ ሆኖ ይተረተራል። ተቆርጦ በኦቨርሎክ፣ ዳር በሚዘጋው የስፌት መኪና፣ የተሰፋ ከሆነ ግን ክሩ በየመስመሩ እየተበጠሰ ቁርጥራጭ ይሆናል። ስንቱን ገዝቼ ከስሬያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ነው? ሰሜን ሸዋ! የመንዝ በግ አገር! አያቶቻችን ባና የለበሱበት፣ ዝተት ያነጠፉበት፣ ጥቁር በርኖስ ደርበው ብርዱን ያሳለፉበት አገር። «ጨርቄን ማቄን» ስንል ማቁ የበግ ጠጉር ነው እኮ። ደብረ ብርሃን ራሷ ስሟ የሚነሳው በብርድ ልብስና በምንጣፍ ነው። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ በግ ከመንዝ በግ ጋር የተዳቀለው እዚሁ፣ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያዎች ነው። ዛሬ ግን ስለ በግ ሲወራ ወሬው ሁሉ ሥጋ ነው። ስንት ኪሎ ወጣው፣ ለበዓል ስንት አወጣ። ጀርባው ላይ ስላለው ማንም አያነሳም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው፤ በጉ ደጄ ይግጣል፣ እኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ክር በክብሪት እያነደድኩ እለምናለሁ።

አክስቴ መሐል ሜዳ ዛሬም ትፈትላለች። መንዝ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል። እሷ ግን ከሰፈሯ የቀረችው እሷና አንዲት ጎረቤቷ እንደሆኑ ትነግረኛለች። ርካሽ ብርድ ልብስ ከመጣ ወዲህ ባና የሚጠይቃት አነሰ። ልጆቿም አልለመዱትም። «ለማን ልፈትል?» አለችኝ ባለፈው። ለኔ! ለኔ ፍተይልኝ አልኳት።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ይኼ እውነት ነው። ለምንጣፍና ለባና የሚሆን ነው። አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፤ ለሕፃን አይሆንም። ግን ከሸሚዝ በላይ ለሚለበስ ሰደርያ፣ ለካፖርት መሰል ወፍራም ሹራብ፣ ለቦርሳ ምን ይወጣለታል? ማቅለሚያም አይፈልግም። በጉ ራሱ ጥቁር አለው፣ ቡኒ አለው፣ ነጭ አለው።

አክስቴ የላከችልኝ ጥቁር ልቃቂት ይኸው ፊቴ ነው። የጭስና የበግ ሽታ አለው። የፈተለችው ለሸማኔ ስለሆነ ክሩ ነጠላ ነው፤ በጣምም ጠሯል። እንደዚያው ብሠራው ሹራቡ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ሞክሬ አይቼዋለሁ። 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ልኬ የሠራኋት ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘምማ ተኛች። መላው ሁለቱን ክር አንድ ላይ፣ ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒ መግመድ ነው። ያኔ አንዱ የሌላውን ጥምዝ ይይዘዋል። ትናንት ማታ በእንዝርት አንድ ክንድ ያህል ገምጄ በለብታ ውሃ አጠብኩት። ጠዋት ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። አይጠመዘዝም! ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አዎ፣ አዲስ ሥራ ላስብ ነው። ጥቁር ሰደርያ፣ ደረቱ ላይ አንድ መስመር ነጭ፣ ለክረምት። አስቤዋለሁ፣ ስንት ዐይን እንደምጀምርም ቆጥሬያለሁ። አክስቴ አንድ ኪሎ ትፈትልልኛለች፤ እኔም እንደ ሰው እከፍላታለሁ። ግን አንዲት አሮጊት ሴት በእንዝርት ስንት ሰው ታዳርሳለች? የሚፈትል ማሽን ያላችሁ፣ በዚህ ዘርፍ የምትሠሩ ካላችሁ ስሙኝ። የሹራብ ክር አውጡልን። ሦስቱን የበጉን ቀለም ብቻ አውጡልን፤ ቀይና ቢጫ አልጠየቅንም። ሁለቱን ገምዱት። ወረቀት እሰሩበት፣ ግራሙን ጻፉበት። ቀድማ የምትሰለፈው እኔ ነኝ። ኋላዬ የሚሰለፉትንም አውቃቸዋለሁ፤ ስልኬ ውስጥ ናቸው፣ ማታ ማታ «ይኼን ክር የት አገኘሽው?» እየተባባልን ነው የምናመሸው።

እስከዚያው የአባቴ ነገር አለ። ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን የተሸጠ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ጥድ የሚመስል፣ ሲነድ ጠጉር ጠጉር የሚሸት ክር ቤታችሁ የቀረ ካለ ጻፉልኝ። አንድ ልቃቂት ተኩል ይበቃኛል። የተጀመረም ቢሆን፣ የተተረተረም ቢሆን እወስዳለሁ። ጫጫም ሆነ ደብረ ሲና ያላችሁ፣ እኔው እመጣለሁ። እጅጌዋን ይዤ ነው የምመጣው፤ ደጅ ወጥተን ፀሐይ ላይ እናየዋለን።