«በቤት በሚገኙ ዕቃዎች» የሚሉት የማን ቤት ነው?

ይህን የምጽፈው አንጀቴ አርሮ ነው። ልጆቼን ቤት ውስጥ ሳይንስ በተግባር የማስተምርበት፣ ለአንደኛ ደረጃ የሚሆን፣ መነሻና መድረሻ ያለው አንድ መጽሐፍ በአማርኛ ፈልጌ ማጣቴ አልዋጥልኝ ብሎኛል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ትልቁ ልጄ የ5ኛ፣ ትንሿ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ናቸው፤ በዕድሜያቸው ቢሆን ማለቴ ነው። ጎጃም ላላችሁ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭቱ የተነሳ ትምህርት ቤት ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ገጠሩ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሰላሙ እስኪመጣ ልጅ ማደጉን አያቆምም። «እማ፣ ውሃው ሲፈላ ከሥር የሚወጣው አረፋ ውስጡ ምንድን ነው?» ያለችኝን ልጅ «ትምህርት ሲጀመር መምህርሽ ይነግሩሻል» እያልኩ እስከ መቼ ላቆያት?

ማንበቡንና መጻፉን ይዘነዋል። ሒሳቡንም ባቄላ እየቆጠርን፣ ሱቅ ውስጥ መልስ እያስቆጠርኩ እየገፋነው ነው። ሳይንስ ግን ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ምኑ ከምኑ እንደሚቀድም፣ ልጁ ምን ሲገባው ወደ ምን እንደሚሻገር የሚያውቅ ሰው ካላሰናዳው፣ ዛሬ ማግኔት፣ ነገ ቢራቢሮ፣ ከነገ ወዲያ ጨረቃ እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ መምህር አይደለሁም። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ያዘጋጁትን ልግዛ ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የፈረንጆቹን ነው። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ናሙናዎች ላከችልኝ። እውነቱን ለመናገር አሠራራቸው ያስቀናል። ልጁ በቅድሚያ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያ በእጁ ይሠራል፤ ያየውን ይስላል፤ ግምቱና ያየው ነገር ከተለያዩ ለምን እንደተለያዩ ይናገራል። ለወላጅ ደግሞ ምን ብላ እንደምትጠይቅ፣ ልጁ ሲቸገር መልሱን ሳትነግረው እንዴት እንደምትመራው ለብቻው ተጽፎላታል። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ልጆች ቢዘጋጅ ብዬ ተመኘሁ። ቀጥዬ የዕቃውን ዝርዝር አነበብኩ።

ሽፋኑ ላይ «በቤት በሚገኙ ዕቃዎች የሚሠራ» ይላል። ዝርዝሩ ማርሽሜሎ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ቦራክስ፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ፣ ቀይ ጎመን እያለ ይቀጥላል። የማን ቤት ነው ይሄ? እኔ ቤት ያለው ምጣድ፣ እንስራ፣ አመድ፣ እርድ፣ ጌሾ፣ ገብስ፣ ጓሮ ደግሞ ኮባ ነው። ቀይ ጎመን ማርቆስ ገበያ ፈልጌ አላገኘሁም። ዕቃውን ከነሣጥኑ እናስመጣ ብንል ዋጋው በዶላር ነው፣ ማጓጓዣው ከዕቃው ይብሳል፣ ጉምሩክ አለ፤ ከአዲስ አበባ እኛ ድረስ ያለው 300 ኪሎ ሜትር መንገድ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ዕቃውስ ይቅር፣ በሌላ ይተካል። እኔን የሚያንገበግበኝ መጽሐፉ የሚለው ነገር እኛ አገር እንደተጻፈው የማይሆን መሆኑ ነው። ስለ መፍላት የሚያስተምረው ምዕራፍ ልጁ ቴርሞሜትር ነክሮ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ እንዲያይ ያዝዛል። ኬሚስትሪ ከሚያስተምር ዘመዴ ቴርሞሜትር ተውሰን ውሃ ጣድን። 92 አካባቢ ሲደርስ ተንፈቀፈቀ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ብንጨምርም ንቅንቅ አላለም። ልጄ ወዲያው «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለ።

አልተበላሸም። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ጮቄ ተራራ አናት ላይ፣ 4,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ፣ በ87 ገደማ ይፈላል። ወደ አባይ ድልድይ ከወረዳችሁ ደግሞ ወደ 96 ይጠጋል። በአንድ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ! ደጋ ላይ ንፍሮ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን በሚማግዱት እንጨት ያውቁታል። ከዚህ የበለጠ ለ5ኛ ክፍል ልጅ የሚሆን ትምህርት ከየት ይመጣል? ልጄ ግን የታተመውን አምኖ የገዛ ዓይኑን ጠረጠረ። ያቃጠለኝ እሱ ነው። በተግባር መማር ማለት ያዩትን ይዞ መጠየቅ ከሆነ፣ ለሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ልጆቻችንን የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው።

የጥላውም ነገር እንዲሁ ነው። ዘንግ ተክላችሁ የቀትር ጥላ ለኩ፣ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። ለእነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ የራቅነው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 21 ገደማ፣ ማርቆስ ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ በቀትር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ ወደ ሰሜን ይመለሳል። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያውን ግን የትኛውም ልጅ ግቢው ውስጥ ሊያየው ይችላል። ቀትሩም ቢሆን እኛ ዘንድ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው እንጂ ልክ ስድስት ላይ አይደለም። አባቴ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ጥላውን በጫማ ለክቶ ሰዓት ይነግረን ነበር። እንዲህ ያለ እውቀት ያለበት አገር ልጅ ስለ ጥላ ለመማር የሌላ አገር ሰማይ ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ መጠበቅ አለበት?

«ታዲያ የራሳችንን መጽሐፍ ለምን አትይዢም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይዣለሁ። ለታችኞቹ ክፍሎች «አካባቢ ሳይንስ» በአማርኛ አለ፤ መጥፎም አይደለም፣ የሚሠሩ ተግባሮችም አሉት። ግን የተጻፈው ለክፍል ነው። «በቡድን ተወያዩ»፣ «መምህራችሁን ጠይቁ» ይላል። ቡድኑ የታለ? መምህሩስ? ለመምህሩ የተዘጋጀው መምሪያ እኛ ወላጆች እጅ አይገባም። መጽሐፉም ቢሆን ታትሞ ስለማይገኝ በስልክ ፒዲኤፍ ነው የምናነበው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላባዛው ብል የገጹ ዋጋ ኪስ ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ክፍት በነበረበት ጊዜም ተግባሩ እየተዘለለ ትርጓሜው ነበር ደብተር ላይ የሚገለበጠው። 60 እና 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ጠመኔ ብቻ የያዘ መምህር ላይ አልፈርድም። በመጨረሻ የሚጠብቃቸው ምርጫ ያለው ፈተና ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል።

ከዚያ የቴሌግራሙ ገበያ አለ። «ተግባራዊ ሳይንስ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል» የሚል ሶፍት ኮፒ ከፍዬ አወረድኩ። ስከፍተው «ብርሃን አስተፃምሮ ማለት ምን ማለት ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»። ከዳር እስከ ዳር እንዲሁ ነው። ልጁ አንድ ቅጠል እንኳ በእጁ እንዲነካ የሚል መስመር የለውም። ይህን በተግባር ስም መሸጥ ነውር ነው፤ በዚህ ኑሮ ከልጁ ቁርስ ቀንሶ የሚከፍል ወላጅ አለ እኮ።

ቪዲዮዎቹም ያስፈሩኛል። አረፋ ሲገነፍል፣ ቀለም ሲለወጥ ያሳያሉ፤ ምን ከምን መቀላቀል እንደሌለበት አይናገሩም። በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪናችን ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ነው የሚሸጠው፤ ልጅ ከምን ለይቶ ያውቀዋል? ለቤት የሚዘጋጅ የሳይንስ መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህ መጻፍ ነበረበት።

እስቲ ብቅልን አስቡት። በእኔ እምነት የ2ኛ ክፍል ሳይንስ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ በኮባ ይጠቀለላል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። ከቀናት በኋላ ስትፈቱት ሥር አውጥቶ ተያይዟል፤ እጃችሁን ብትሰዱበት ይሞቃል። ልጄ «ማን አሞቀው?» አለችኝ። ዘሩ ራሱ ነው፤ እየተነፈሰ ነው፤ ያጠራቀመውን ምግብ እየተጠቀመ ነው። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ዘር ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል? ትልቁ «አዎ፣ ፀሐይ ከሌለ ተክል የለም» ብሎ በቃሉ ያጠናውን መለሰልኝ። ኮባው ውስጥ ግን ጨለማ ነው፣ ገብሱም በቅሏል። እዚያው ትተውት ያደገው ቡቃያ ይገረጣል፤ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያደረጋችሁት ይለመልማል። አሁን ብርሃን ለምን እንደሚያስፈልግ ልጁ ራሱ ይደርስበታል። ውሃ ያላገኘ ገብስ፣ ከልክ በላይ ውሃ ውስጥ የተኛ ገብስ፣ ብርድ ላይ ያደረ ገብስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታወዳድሩ ወጪው አንድ እፍኝ እህል ነው።

እርዱም አለላችሁ። ነጠላ ላይ የፈሰሰ የአልጫ ወጥ በሳሙና ሲታሽ ለምን እንደሚቀላ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እርድ በሳሙናና በአመድ ውሃ ይቀላል፤ ሎሚ ስትጨምሩበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ፈረንጆቹ በቀይ ጎመን የሚያስተምሩትን የአሲድና የቤዝ ትምህርት ይህ በከፊል ይሸፍነዋል። አባይ በረሃ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ላይ ሎሚ ብትጨምቁ ፊጭ ይላል። ድንጋዩ ጥንት ያ አካባቢ ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው፤ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ነው። ከደጀን ቁልቁል የወረደ ሰው ሁሉ ይህን ድርብርብ በመስኮት አይቶታል።

ይህን ሁሉ የምለው እኛ ዘንድ ሳይንስ የሌለ እያስመሰሉ ለሚያወሩ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፣ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው «ለምን?» ብለው ነው። ያንን ወንዝ ስንቱ ሰው ተሻግሮታል። የእኔ ልጆችም እንዲለምዱልኝ የምፈልገው ያንን ማየት ነው።

ግን ብቅሉን፣ እርዱን፣ ጥላውን፣ ድንጋዩን እኔ አንድ ባለሱቅ እንዴት ላሰልፈው? የቱ ለ2ኛ ክፍል ነው፣ የቱ ለ5ኛ? ልጁ እንደገባው በምን አውቃለሁ? መስከረም ላይ አደይ አበባ፣ ኅዳር ላይ አጨዳ፣ ጥር ላይ ነፋሱ ገለባውን ከፍሬው ሲለይ፣ ሚያዝያ ላይ ጥላ፣ ሰኔ ላይ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ሲወርድ፤ የእኛን ወቅት ተከትሎ፣ ለወላጅ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ጽፎ፣ አደጋውን አስጠንቅቆ የሚሄድ አንድ መጽሐፍ ለምን የለም? ለጥያቄና መልስ ጥራዝ የሚጽፍ ሞልቷል። ለዚህ ሲሆን ሁሉም «በጀት የለም» ይላል። የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «ትምህርት ሲረጋጋ» የሚል ነው።

አንድ ጎረቤቴ «አገር እንዲህ ሆኖ አንቺ ስለ ጥላ ታወሪያለሽ» አለኝ። አዎ፣ አወራለሁ። በጥይት ድምፅ የነቃ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ዘንጉን ሊለካ ሲሮጥ ያየሁት እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት የሚጠብቀው ነገር አለው። ይህን ቅንጦት የሚል ሰው ዓመቱን ሙሉ ቤት የዋለ ልጅ አላየም።

መምህራን፣ በተለይ በመምህራን ኮሌጅ ያላችሁና ሥራ ፈትታችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ሙሉ መጽሐፍ አልጠይቃችሁም። ለ2ኛ ወይም ለ5ኛ ክፍል የአንድ ወር የሚሆን፣ በቅደም ተከተል የተሠራ፣ እዚሁ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ነገር ካላችሁ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ማባዣውን እኔ እችላለሁ፤ የሰፈሩ ልጆች ከሱቄ እየመጡ ይወስዳሉ። ቆላ ያላችሁ ወላጆችም ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ውሃ ጥዳችሁ ስንት ላይ እንደፈላ ከነቦታው ጻፉልኝ፤ ልጄ ከማርቆሱ ጋር ሊያስተያየው ደብተሩ ላይ መስመር አስምሮ ይጠብቃል።